ማራገቢያን ያለ ልዩ መሣሪያ ማውረድ፤ ከሪያድ የመጣ ሙያ

በኅዳርና በታኅሣሥ ተሳላሚው ሲበዛ፣ ወደ ገዳማችን በሚያወጣው ዳገት ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው የሚቆሙ መኪኖችም ይበዛሉ። ባለፈው ዓመት ከእነርሱ አንዱ የራሳችን ላንድ ክሩዘር ነበር። አረጋውያን አባቶችን ጭኖ ሲወጣ ከሞተሩ በኩል የብረት ፍጭት ተሰማ። ቆመን ብናይ፣ መካኒኮች ቬንትሌተር የሚሉት ማራገቢያ ከማዕከሉ ላልቶ ይወዛወዛል፤ ጫፉ ከራዲያተሩ የአንድ ጣት ያህል ብቻ ርቋል። ቢነካው ራዲያተሩ ይቀደዳል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። ጋራዡ ሩቅ ነው፤ በእጃችን ያለው ጥቂት ቁልፎችና አንድ መዶሻ ብቻ። አባቶች ወርደው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ጀመሩት።

መኪናውን የሚነዳልን ወንድማችን ግን አልተደናገጠም። ሙያውን የተማረው በሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ፣ ነዋሪው አሮጌው ሰናዒያ በሚለው የጋራዦች ሰፈር ነው። የሪያድ አየር በበጋ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋልና በዚያ ማራገቢያ ማውረድና መስቀል የዕለት ሥራ ነው። ልዩው መሣሪያ በጌታው ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ረዳት ያለ እርሱ መሥራትን ይለምዳል። ወንድማችን በመንፉሓ ሰፈር ይኖር ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን መካከል አንዱ ሆኖ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ አገሩ ገባ።

ያደረገውን እንደ አየነው እንጽፋለን። አስቀድሞ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ገመድ ነቀለ። በራዲያተሩና በማራገቢያው መካከል ካርቶን አስገባ፤ ቁልፍ ቢያመልጥ የራዲያተሩን ስስ ክንፎች እንዳይወጋ ነው። ከዚያም ማራገቢያውን የከበበውን ከለላ ፈትቶ ወደ ኋላ ገፋው።

በላንድ ክሩዘር ማራገቢያውን ከውሃ ፓምፑ ጋር የሚያያይዙት አራት ዳዶዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ 12 ቁልፍ ይበቃቸዋል። ችግሩ ዳዶው ሲጠመዘዝ ፑሊው አብሮ መዞሩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቺንጋውን ቀድሞ ያላላል። ወንድማችን ቺንጋውን እንደተወጠረ ተወው፤ ከእኛም አንዱ በእጁ አጥብቆ እንዲጫነው አዘዘ። ቺንጋው ራሱ ፑሊውን ያዘለት። አራቱንም ዳዶዎች በየተራ ጥቂት ጥቂት አላልቶ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ቺንጋውን ለቀቀ።

እንደ ላንድሮቨር ባሉ አንዳንድ መኪኖች ግን በአራቱ ፈንታ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ፤ በብዙዎቹ 32 ቁልፍ ይይዘዋል። ጥርሱ የግራ ነው፤ የሞተሩ ዙረት እንዳያላላው ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ስለዚህ ከመኪናው ፊት ቆመን ወደ ሞተሩ ስናይ፣ የሚፈታው በሰዓት ዙረት አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያጠብቅ ይውላል። በዝግታ መግፋትም አይረዳም፤ ፑሊው ይከተላል። ቁልፉን ገጥሞ ጫፉን በመዶሻ አንድ ጊዜ ድንገት መምታት ነው፤ ዳዶው ይላቀቃል፣ ፑሊው ግን ለመዞር ጊዜ አያገኝም። ሁሉም ሞዴል አንድ አይደለምና ከመምታት በፊት የጥርሱን አቅጣጫ ማጣራት ይገባል።

ማራገቢያው ከወረደ በኋላ ሕመሙ ታየ። በመካከሉ ያለው ክላች ሲሊኮን ዘይት ይይዛል፤ ከፊቱ ያለው ጥምዝ ብረት የራዲያተሩ አየር ሲግል ዘይቱን አሳልፎ ማራገቢያውን በኃይል ያዞረዋል። የእኛው ክላች ዘይቱን አፍስሶ፣ ኩሽኔቱም ላልቶ ነበር። ደኅና ክላች የሚያወርድ ሰው አያጋድመው፤ በመኪናው ላይ እንደነበረ አቁሞ ያኑረው፤ ያለዚያ ዘይቱ ይፈስሳል።

አራቱን ዳዶዎች ከነዋሸራቸው መልሶ አጠበቃቸው፤ ፑሊውን የሚይዙት እነርሱው ናቸውና። ቺንጋውን ወጥሮ ባትሪውን ካገናኘ በኋላ፣ በሌሊት ቅዝቃዜ ባዶውን መኪና ቁልቁል ወደ ከተማ ወሰደው፤ ዓይኑ ከሙቀት መለኪያው አልተነሣም። ያለ ማራገቢያ ዳገት መውጣት ግን አይሞከርም።

ክቡራን ተሳላሚዎች፣ የራዲያተር ክዳናችሁንም እዩ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሪያድ ግን በ98። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ስለዚህ ጎማው ያረጀ ክዳን በእኛ ተራራ ላይ ከዚያ ይልቅ ይጎዳል። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን ማንም አይክፈተው፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊትን ያቃጥላል።

አዲሱ ክላች ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ መጣ። ወንድማችን በዚያው መዶሻና በዚያው 12 ቁልፍ ሰቀለው፤ በማግሥቱም ዳዶዎቹን ደግሞ አጠበቃቸው።