ለቤት ቀጋ፣ ለውጭ አልጋ

ከመገናኛ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት በስልክ ትነታረካለች። «ተይኝ እባክሽ! ሰውዬው ናርሲሲስት ነው አልኩሽ እኮ!» ስልኩን ዘግታ ሒሳብ ስታቀብል ረዳቱ ከምሩ ጠየቃት፦ «እህቴ፣ እሱ ነገር ይተላለፋል እንዴ?» ተሳፋሪው ሳቀ። እኔን ግን ጥያቄው ከወረድኩ በኋላም አለቀቀኝም።

ትናንት በሐኪሞች መጽሐፍ ብቻ የነበረው ስም ዛሬ በቲክቶክና በዩቲዩብ በኩል ፀጉር ቤትና ታክሲ ገብቷል። ያኮረፈ ባል፣ ደመወዝ ያልጨመረ አለቃ፣ ደውላ የማታውቅ ጓደኛ፣ ሁሉም ናርሲሲስት ተብሏል። ስሙ እንዲህ ሲረክስ በእውነት የተጎዳው ሰው አቤቱታ አብሮ ይረክሳል።

የስሙ መነሻ የሆነውን፣ ራሱን በውኃ ውስጥ አይቶ ፍቅር የያዘውን የግሪኩን ጎበዝ የናርሲስን ተረት አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የምትዘለለው ሌላኛዋ ባለታሪክ ናት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ከ2000 ዓመት በፊት እንደተረከው፣ ናርሲስን ያፈቀረችው ኤኮ የራሷን ሐሳብ ጀምራ መናገር አትችልም፤ የሌላውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ትደግማለች። እሱ ሲገፋት ከስታ ከስታ ድምፅ ብቻ ሆና ቀረች። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያነጋገርኳቸው ሰዎች በአብዛኛው የኤኮ ወገኖች ናቸው።

ተረቱ ወደ ሐኪሞች መንደር የገባው ዘግይቶ ነው (የውጭ አገር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ሃቭሎክ ኤሊስ በ1898 አነሳው፤ ፍሮይድ በ1914 ራሱን የቻለ ድርሰት ጻፈበት፤ ራስን መውደድ በልኩ ሲሆን የማንኛውም ሰው ዕድገት አካል ነው ሲልም ተከራከረ። ክርክሩ የጦፈው ግን ሁለት የቪየና ልጆች የሆኑ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሲገጥሙ ነው። ሄንዝ ኮሁትና ኦቶ ከርንበርግ ሁለቱም አይሁዳውያን ናቸው፤ ሁለቱም ከናዚዎች ሸሽተው በ1939 ከኦስትሪያ ወጡ። ኮሁት ኋላ ቺካጎ ከተመ፤ ያኔ ገና ልጅ የነበረው ከርንበርግ ከወላጆቹ ጋር ቺሌ ገብቶ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አንድ ከተማ አብቅሏቸው፣ አንድ መከራ በትኗቸው፣ ስለ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ሳይስማሙ ኖሩ።

እንደ ኮሁት አባባል፣ ይህ ሰው በልጅነቱ «አየሁህ፣ ጎሽ» የሚለው አላገኘም፤ ያጣውን ፍለጋ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሁሉ መስታወት ያደርጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በርኅራኄ ይስማው። ከርንበርግ አልተቀበለም። ከግርማው በስተጀርባ ቁጣና ቅናት አድፍጧል፤ ሐኪሙ ፊት ለፊት ያንሳው አለ። በሽታውን ዛሬ በሚታወቅበት ስም የጠራው ኮሁት ነው፣ በ1968። በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በምርመራ መመሪያው ውስጥ አሰፈረው።

መመሪያው ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዝራል፦ ራስን ያለ ልክ ማግዘፍ፤ ወሰን በሌለው ስኬት፣ ሥልጣን ወይም ውበት ምኞት መዋጥ፤ «እኔን የሚረዳኝ እንደኔ ያለ ልዩ ሰው ብቻ ነው» ማለት፤ የማይጠግብ የአድናቆት ጥም፤ ሁሉ ይገባኛል ባይነት፤ ሰውን ለራስ ጥቅም ማዋል፤ ለሌላው ስሜት ደንታ ማጣት፤ ምቀኝነት ወይም «ሁሉ ይመቀኘኛል» ማለት፤ ትዕቢት። ቢያንስ አምስቱ ከወጣትነት ጀምሮ በተለያየ ቦታና ግንኙነት ውስጥ ሲደጋገሙ ነው የስብዕና መታወክ የሚባለው። ሁሉም ልታይ ልታይ ባይ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ዘወትር «ተበደልኩ» እያለ ዙሪያውን የሚያስጨንቅም አለ።

ሐኪሞቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በ2013 የወጣው የመመሪያው አምስተኛ እትም ሲዘጋጅ ይህ ስም ሊሰረዝ ታስቦ ነበር፤ በተቃውሞ ተረፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው መዝገቡ የስብዕና መታወክን በዓይነት መሰየሙን ትቶ በክብደቱ ይለካዋል። በአሜሪካ በ2008 የወጣ ሰፊ ጥናት 6.2 በመቶ አዋቂዎች በዕድሜያቸው ችግሩ እንዳለባቸው ገመተ፤ ሌሎች ጥናቶች ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር አግኝተዋል።

ከሩቅ መመርመርም ዋጋ ያስከፍላል። በ1964 ፋክት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ባሪ ጎልድዋተር በአእምሮ ብቁ አይደሉም ያሉ 1,189 የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አሉ ብሎ ጻፈ። ጎልድዋተር መጽሔቱን ከስሰው ረቱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1973 ሐኪም ያልመረመረውን ሰው በአደባባይ እንዳይመረምር ደነገገ።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ባለታሪኬ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ስሟ እንዲወጣ አልፈለገችም። «ሰው ፊት ወንበር ይስብልኛል። በሩ ሲዘጋ ሌላ ሰው ነው። ወጡ ጨው በዛ ብሎ ሦስት ቀን ይዘጋኛል። ‘ምን አጠፋሁ?’ ስለው ‘እሱን እንኳን አታውቂውም?’ ይለኛል።» ትንሽ ዝም አለችና ቀጠለች፦ «የደረጃ ዕድገት ያገኘሁ ቀን ኬክ ገዝቼ ገባሁ። ‘ሰው ቢያጡ ነዋ’ አለና ኬኩን ለዘበኛው ሰጠው። ዘበኛው መረቀው። እኔ ይሄን ምን ብዬ ልክሰስ?» ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፦ «እናቴ ስትሞት ለቅሶ ቤት ከእኔ በላይ አለቀሰ። ሰው እኔን ትቶ እሱን ያጽናናል። ማታ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ሰው ሁሉ በኀዘኔ ተገርሟል አይደል?’»

የባሏን ወገን አልሰማሁም፤ እንዳነጋግረው አልፈቀደችም። ሕመም አለበት የለበትም ማለትም የእኔ ሥራ አይደለም።

አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ግን «ለቤት ቀጋ፣ ለውጭ አልጋ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ከሥራቸው ጋር እንደሚገጥም ነገሩኝ። «ውጭ አድናቂ አለ። ቤት ውስጥ ያለው ግን ገመናውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚፈራውም እሱን ነው። ‘ናርሲሲስት ነኝ፣ አክሙኝ’ ብሎ የመጣ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚመጣው ሥራ ሲያጣ፣ ሚስቱ ስትሄድ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ነው። ከእሱ በፊት የሚመጡት ቤተሰቦቹ ናቸው።» ለዚሁ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ ያለው ረጅም የንግግር ሕክምና ነው። እሱም ሐኪም ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው።

የስብዕና መታወክ በጤና ተቋማት ሪፖርት ለብቻው ይመዘገብ እንደሆነ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ጠይቄ ነበር። «በደብዳቤ ይምጣ» አሉ። ደብዳቤው ገባ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይነሳም።

ሐኪም ቤት የማይደርሰው ነገር ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። የባንክ ሠራተኛዋ ቤትም ሽማግሌ ተቀምጧል። «ገና ሲገቡ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ አለቀስኩ፣ ጮህኩ። ‘ልጄ፣ ቁጣሽን ቀንሺ፤ እሱ እኮ ጨዋ ነው’ አሉኝ።» በሌላ ሠፈር ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ አንድ አዛውንት ይህን አልካዱም፦ «እኛ የምናየው አንዲት ቅዳሜ ነው። አንደበተ ርቱዕ ይረታናል።»

ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ውሳኔውን ወደ ፍርድ ቤት አዛወረ፤ ፍቺ ጠያቂውም ምክንያቱን እንዲገልጽ አይገደድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈጸም ኃይል በአካል ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ጤና ላይ የሚደርስን ጉዳትም ያስቀጣል። አንዱም ሕግ «ባልሽ ናርሲሲስት ስለመሆኑ የሐኪም ወረቀት አምጪ» አይልም።

ልጆችስ? በኔዘርላንድስ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 11 የሆኑ 565 ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር የተከታተለ፣ በ2015 የታተመ ጥናት፣ «ልጄ ከሌላው ልጅ ይበልጣል» የሚል ወላጅ ናርሲሲዝምን፣ ፍቅሩን በሙቀት የሚገልጽ ወላጅ ደግሞ ጤናማ የራስ ክብርን እንደሚያሳድግ አሳይቷል። የባንክ ሠራተኛዋ ታላቅ ልጅ አባቱ ሲገባ መጫወቻውን ሰብስቦ ክፍሉ ይገባል።

ለረዳቱ መልስ አለኝ፤ አይተላለፍም፣ ጉዳቱ ግን ወደ ሌላው ይደርሳል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስሙን ለሐኪም ተወው። አንተ ድርጊቱን እይ። በደሉ ይደጋገማል ወይ? ሲነገረው ያርማል ወይስ ጥፋቱን ወደ ተናጋሪው ያዞራል? ከእሱ ጋር የሚኖር ሰው እየበረታ ነው ወይስ እየከሰመ? ሽማግሌ ሆነህ ከተቀመጥህም ባልና ሚስቱን ለየብቻ ስማ፤ ጉልበት የሳመህን ብቻ አትመን። የተጎዳ ሰው እርዳታ ለማግኘት የጎጂውን ምርመራ ውጤት መጠበቅ የለበትም።