ያለ አስተማሪ ክራር ለመማር ምን ይፈጃል?

የምኖረው አሽቀሎን፣ አቲቆት ሰፈር ነው። ክራር እንደምጫወት የሰሙ ጎረቤቶች ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ማን አስተማረህ?» ማንም አላስተማረኝም። ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ። ክራሩንም ኪቦርዱንም የለመድኩት ማታ ማታ፣ በራሴ፣ በስድስት ዓመት ነው። ከስድስቱ ሦስቱ እንዲሁ የባከኑ ናቸው። እርስዎም ክራር ካማረዎት፣ እነዚያን ሦስቱን ላስቀርልዎት እችል ይሆናል።

«ዕድሜዬ ሄዷል፣ ሙዚቃም ተምሬ አላውቅም» ካሉኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሠርግ ላይ ዘፋኙ ከቅኝት ሲወጣ ፊትዎ ተጨማዶ ያውቃል? እንግዲያው ጆሮዎ ተምሯል። የቀረው ጆሮዎ የሚያውቀውን በስሙ መጥራትና ጣትዎን ማስለመድ ነው። አገር ቤትስ ቢሆን እረኛውን ዋሽንት ማን አስተማረው? ሸምበቆ ቆረጠ፣ በጋለ ብረት በሳ፣ ከብቶቹ እስኪሰለቹት ነፋ፤ አንድ ቀን ዜማው መጣለት።

በየትኛው መሣሪያ ልጀምር ለሚለው፣ የኔ ምክር ክራር ነው፤ አጠገቡም አንድ ርካሽ ኪቦርድ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል። ግን ድምፁን ፈልጎ የሚያገኘው ጣትዎ ነው፤ የት ማረፍ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት የለም። ሲሳሳቱ የሚነግርዎት ሰው ከሌለ ደግሞ ስሕተቱን ራሱን አጥንተው ይቀራሉ። ክራር አንዴ በትክክል ከተቃኘ የትኛውንም አውታር ቢነኩ ድምፁ የዚያው ቅኝት ነው። ኪቦርዱ በበኩሉ በጆሮ ያገኙትን በዓይን ያሳይዎታል።

ወጪውስ? የኔን ልንገርዎት። ክራሩን ዘመድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ አመጣልኝ፤ እንዳይሰበር በሐበሻ ቀሚስ ጠቅልለውት ነበር። ሲገዙ ጌጡንና ቀለሙን ብዙ አይዩ፤ መቃኛውን ይዩ። መቃኛ የሚባለው ከላይ ቀንበሩ ላይ ያለው፣ አውታሩ የሚጠመዘዝበት ነው። የድሮው ክራር አውታሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ወይም በቆዳ ይጠመጠማል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ እንደ ጊታር የብረት ቁልፍ አላቸው። ለጀማሪ የብረቱ ይሻላል፤ አንዴ ያጠበቁት ቶሎ አይንሸራተትም።

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ያገለገለ፣ በ300 ሼቅል ከሰው ገዛሁ። ቱነር፣ ማለትም ድምፁ ትክክል መሆኑን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ስልክ ላይ በነጻ ይጫናል። አውታር ሲበጠስ የናይለን ክር ያገለግላል፤ እኔ ዓሣ አጥማጆች የሚገዙበት ሱቅ ሄጄ በተለያየ ውፍረት አንድ አንድ ጥቅል ገዛሁ፣ እስከ ዛሬ አላለቀም። የግል አስተማሪ እዚህ አገር ለ45 ደቂቃ ከ100 ሼቅል በላይ ይጠይቃል። በሳምንት አንዴ ቢሆን እንኳ በወር ከ400 ሼቅል ያልፋል። ራስዎን ሲያስተምሩ ይህ ይቀርልዎታል፤ የሚከፍሉት በጊዜ ነው። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜን ጠብቆ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ግን ጣት ከማሳበጥ በቀር አይጠቅምም።

የት ልለማመድ? ማማድ ካለዎት እዚያ። ለሮኬት የተሠራ ወፍራም ኮንክሪት ድምፅንም ይይዛል። ውስጡ ግን ያስተጋባል፤ አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ቢሰቅሉ ይረግባል። የድሮ ሕንፃ ላይ ያለን ሰዎች ማማድ የለንም፤ እኔ ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ ታች ሚክላት ወርጄ ነው የምመታው። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከ14:00 እስከ 16:00፣ የዕረፍት ሰዓት ስለሆነ ክራርዎን አይንኩ። በምሽት ፈረቃ የሚሠራ ጎረቤት ያለው ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

አሁን ወደ ቲዎሪው። ቲዎሪ ሲባል ብዙ ሰው የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። ቅኝት ራሱ ቲዎሪ ነው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ሲሆኑ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይባላሉ። ትዝታና ባቲ ደግሞ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። ሜጀሩ ፈካ ይላል፣ ማይነሩ ያዘነ ነው።

ኪቦርዱን ያብሩ። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ፣ ጥግ ላይ ያለው ነጭ ዶ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ነጮቹ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይባላሉ፤ ከዚያ እንደገና ዶ። ጥቁሮቹን ጨምረው ከቆጠሩ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ 12 እርምጃ አለ። እያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ድምፅ ነው። ቀጣዩ ዶ ያው የመጀመሪያው ነው፣ ቀጥኖ መጣ እንጂ። ይህን ርቀት ኦክታቭ ይሉታል።

በነጮቹ ብቻ ቀስ ብለው ይምቱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፦ ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፦ ባቲ ሜጀር። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፦ ትዝታ ማይነር፣ ያ የሚያስለቅሰው። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፦ አምባሰል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንደገና ይዩአቸው። አምስቱ ቁልፎች ያው ናቸው! የተለየው ዜማው የሚነሳበትና መጥቶ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ላ ላይ ካረፉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ሚ ላይ ካረፉ አምባሰል ይሆናል። ቤቱ አንድ ነው፣ የገቡበት በር ግን ሌላ። ይቺን ነገር ለመረዳት አንድ ሙሉ ዓመት ፈጅታብኛለች።

አንቺሆዬ ብቻዋን ጥቁር ቁልፍ ትጠይቃለች። ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያ በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር። በዚህ አገር ይህን ጥቁር ሶል ዲየዝ ይሉታል፤ ዲየዝ ማለት በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው። ዝቅ ያለው ቤሞል ይባላል። አንቺሆዬን ለመጨረሻ ያቆዩአት። እኔ አስቀድሜ ጀምሬያት ተስፋ ልታስቆርጠኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ፣ ሁሉም ይወድቅበታል። እስራኤል ውስጥ በትምህርት ቤትም በማትናስም የሚሉት ዶ፣ ሬ፣ ሚ ነው። ስልክዎ ላይ ያለው ቱነር ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። በፊደሉ «ኤ» የሚባለው ላ ነው፣ «ቢ» የሚባለው ሲ ነው፣ «ሲ» የሚባለው ደግሞ ዶ ነው። አዎ፣ የፊደሉ ሲ ዶ ነው፣ የዶሬሚው ሲ ደግሞ ቢ ነው። ልጄ ከኪታዋ የሙዚቃ ደብተሯን ይዛ መጥታ «አባ፣ ሲ ምታልኝ» ስትለኝ፣ እኔ ዶ እየመታሁ፣ እሷ አይደለም እያለች፣ ሁለታችንም በእልህ ግማሽ ሰዓት ቆየን። ሰባቱንም በትንሽ ወረቀት ጽፈው ኪቦርዱ ላይ ይለጥፉ።

ክራሩን እንቃኝ። የተለመደው ክራር ስድስት አውታር አለው። አምስቱ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአንዱ ጋር በኦክታቭ ይገጥማል። መነሻው የግድ ዶ መሆን የለበትም፤ ለድምፅዎ የሚመችዎትን ይምረጡ። ለትምህርት ግን ዶ ይሁን። ስልኩን ጉልበትዎ አጠገብ አድርገው አንዱን አውታር በጥፍር ይንኩ። መርፌው ወደ ግራ ካዘነበለ ድምፁ ወርዷል፣ ቀስ ብለው ያጥብቁ። ወደ ቀኝ ከሄደ ያላሉ። ሲያጠብቁ ፊትዎን ከአውታሩ ያርቁ፤ እኔ ቅንድቤ ላይ ተመትቼ ነው የተማርኩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሞላልዎት ትዝታ ሜጀር ተቃኝቷል።

አሁን ትንሽ ምትሐት ላሳይዎት። የሚውንና የላውን አውታር በግማሽ በግማሽ ድምፅ ብቻ ያላሉ። ክራሩ ትዝታ ማይነር ሆነ። ሌላ ምንም ሳይነኩ ዜማዎን ሶል ላይ ያሳርፉ። አምባሰል ሆነ። ሁለት አውታር አላልተው ሁለት ቅኝት አገኙ ማለት ነው። ማላላት አውታር ስለማይበጥስ ጀማሪ ቅኝት የሚለዋውጥበት ርካሹ መንገድ ይህ ነው።

ቱነሩን ግን እንደ ዳኛ አይዩት። ስልኩ የሚያውቀው 12ቱ እርምጃ እኩል በእኩል የተከፈለበትን፣ የፒያኖውን ልክ ነው። የድሮ ክራር መቺዎች በጆሯቸው ስለሚቃኙ፣ የእነሱን ቅጂ ቱነሩ ፊት ቢከፍቱ መርፌው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አጠገብዎ ያሉ አባት «ገና ነው፣ ትንሽ ጨምርበት» ካሉ፣ ስልኩን ትተው እሳቸውን ይስሙ።

አመታቱ ሁለት ዓይነት ነው። አውታሮቹን አንድ በአንድ በጣት መንካት ድርደራ ይባላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መምታት ግርፍ ነው። በግርፍ ጊዜ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ፣ የሚፈለገውን ብቻ ይለቁታል። ለሳምንታት ጣትዎ አይታዘዝም። በድርደራ ይጀምሩ።

የባከኑት ሦስት ዓመታት እንዴት ባከኑ? ጊታር ገዛሁ። በቅድሚያ የሚከፈልበት ኮርስ ገባሁና ኮርድ ማጥናት ያዝኩ። ኮርድ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች አብረው ሲመቱ ነው፤ ለምሳሌ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ከዚያ በምወዳቸው የአማርኛ ዘፈኖች ሥር እየከተትኩ ስመታ ዘፈኑ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንቺሆዬን ይውሰዱ። ከዶ ቢነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞልና ላ ናቸው። ሚም የለ፣ ሶልም የለ። የተለመደውን የዶ ኮርድ ሥሩ ካስገቡ ቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ሁለት እንግዶች አስገቡ ማለት ነው። ጊታሩ ጥፋት የለበትም፤ እኔ ነኝ ቅደም ተከተሉን ያፋለስኩት። ቅኝቱን አስቀድመው ይያዙ፣ ኮርዱ ይደርሳል።

ኪቦርድ ላይ ቅኝት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለመስማት ሩቅ መሄድ የለብዎትም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በ2023 እስካረፉ ድረስ የኖሩት ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ ነው። የፒያኖ ቅጂዎቻቸውን ቁልፎቹን በዓይንዎ እየተከተሉ ይስሙ። ሳክስፎን ላይ ለመስማት ደግሞ በ1999 ወደዚህ የመጣው አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ዳሸን» በሚል ስም የሠራውን ይፈልጉ።

ኖታ ማንበብ ግዴታ ነው ወይ? ኖታ ማለት በአምስት መስመር ላይ የሚጻፈው የድምፅ ፊደል ነው። ክራር ለመምታት አያስፈልግዎትም። ከሌሎች ጋር በባንድ መጫወት ሲያምርዎት ግን ይማሩት። የኖታ ሙዚቃን በኢትዮጵያ ካስፋፉት አንዱ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ከወሰዷቸው አርባ ልጆች ጋር ነበር ወደ አዲስ አበባ የሄደው። እስከ አብዮቱ የቆየውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማም የደረሰው እሱ ነው። ከዚህ ወደዚያ የሄደ ትምህርት ነውና፣ እዚህ ተቀምጠን ብንማረው ብድር መመለስ ነው።

ስለ አሽቀሎን አየር አንድ ነገር ልንገርዎት። ክራርዎ የደጋ ልጅ ነው። ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ የባሕሩን እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል። ሐምሲን ሲነፍስ ደግሞ ቆዳው ይወጠራል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በረንዳ ላይ አይስቀሉት፣ መኪና ውስጥም አይተዉት። ትላንት የተቃኘው ዛሬ ቢወርድ ሠሪውን አይርገሙ፤ ሁልጊዜ ከመምታትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ለመቃኘት ይያዙ።

መለዋወጫ አውታርም ቤትዎ አይጥፋ። የኔ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው።