ከጋሸና ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን መከታተል

ከወልድያ ወደ ወረታ የተጓዘ ሰው ጋሸናን አይረሳትም። ወደ ላሊበላ የሚወስደው የ64 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው፤ ነፋሷም ከመኪና የወረደን እንግዳ ወዲያው ጋቢ ያስመኘዋል። ከተማዋ የምትገኘው ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። አኃዙን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ከወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው የቦኔት ተራራ መንገድ ሲሆን ከፍታው 2802 ሜትር ነው። በሐምሌ ጭጋግ በጋሸና ሻይ ቤት ተቀምጦ ውድድሩን የሚከታተል ተማሪ እንግዲህ ከተወዳዳሪዎቹ በላይ ሆኖ ይመለከታቸዋል ማለት ነው።

ውድድሩ ለሦስት ሳምንታት በ21 የዕለት ጉዞዎች (ኤታፖች) ይካሄዳል፤ አጠቃላይ አሸናፊው የየዕለቱ ሰዓቱ ተደምሮ አነስተኛ የሆነለት ነው። አዲስ ተመልካች ግን ይገረማል። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ለአራት ሰዓታት አብረው ነድተው እኩል ሰዓት ከተሰጣቸው ፉክክሩ የት ላይ ነው?

ምስጢሩ ያለው በአየሩ ላይ ነው። በሜዳ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያጠፋው አየሩን ገፍቶ ለማለፍ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ያድጋል። ከፊተኛው ሰው ጀርባ የተጠጋ ግን የዚህን ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ነፋስ ሲበረታ ከተጫነ በቅሎ ጀርባ እየተጠለለ ገበያ እንደሚሄድ የደጋ ሰው ነው። ስለዚህ ብርቱውም ደካማውም አብረው ይደርሳሉ።

ዳገት ሲመጣ መጠለያው ይፈርሳል። እስቲ እናስላ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይውጣ እንበል። የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 340 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል፤ አየሩ የሚጠይቀው የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ከሰው ጀርባ መደበቅ እዚህ ብዙም አያዋጣም፤ የሚቆጠረው ጉልበት ለክብደት ሲካፈል ነው። የተጫነ አይሱዙ የድልብን ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

«ደገኛ ዳገት ላይ ማን ይችለዋል!» የሚል ክርክር በሻይ ቤቱ መነሣቱ አይቀርም። ነገሩ ግን ሁለት ገጽ አለው። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ በሜዳ ለሚነዳ ጥቅም ነው፤ ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር በመንዳት ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በከፍተኛዋ ሜክሲኮ ሲቲ ነበር። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ ኦክሲጅኑም ይሳሳል፤ ላልለመደ ሰው ትልቁ የመተንፈስ አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በዳገት ጥቅሙ ጥቂት፣ ጉዳቱ ሙሉ ነው። ለለመደው ደገኛም ቢሆን ሳንባ ብቻውን አይበቃም፤ ብስክሌት ውድ ነው፣ ቡድንም ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት ብታሰልፍም፣ በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የተሰለፈው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ካሜራው የሚከተለው ፊተኞቹን ነው፤ የእኛ ዓይን ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከኋላ ነው። ከአሸናፊው ሰዓት በተወሰነ መቶኛ የዘገየ ተወዳዳሪ ይሰናበታልና። በ2016 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት ኤታፖች አሸንፎ የአረንጓዴው ማልያ ባለቤት ሆኖ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን ግን ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ የቆሰለውን ሰውነቱን ይዞ የቦኔትን መንገድ መውጣት ነበረበት። እርሱ በሜዳ ፍጥነት የሚታወቅ ነው፤ ከላይ የሠራነው ስሌት ለእርሱ አይፈርድም። ታዴ ፖጋቻር አንደኛ ሆኖ ሲገባ ለብዙ ተመልካች የዕለቱ ውድድር አበቃ፤ የቢንያም ደጋፊዎች ግን ዓይናቸውን ከሰዓቱ ላይ አልነቀሉም። ቢንያም በተፈቀደለት ጊዜ ውስጥ ገባ። በማግስቱም እንዲሁ። ሐምሌ 14 ቀን ኒስ ላይ ውድድሩ ሲጠናቀቅ አረንጓዴውን ማልያ እንደለበሰ ነበር።