የቀድሞውና የአሁኑ፤ የግሪን ቤይ ደጋፊዎች ለኳርተርባኮቻቸው ስላላቸው ታማኝነት

የስፖርት ቡድን ደጋፊ ታማኝ ነው ሲባል ታማኝነቱ ለማን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ለማልያው ነውን? ማልያውን ለብሶ ለሚጫወተው ሰው ነውን? ወይስ ደጋፊው ራሱ ከቡድኑ ጋር ላሳለፈው ዘመን? ቡድኑና ሰውየው አብረው እስካሉ ድረስ ሦስቱ አንድ መስለው ስለሚታዩ ጥያቄው አይነሣም፤ የሚነሣው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መለያየቱ በግልጽ ከታየበት ስፍራ፥ ከአሜሪካ እግር ኳስ፥ አንድ ምሳሌ ወስደን ነገሩን እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱ ሞላላ ሲሆን በብዛት የሚያዘው በእጅ ነው፤ ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፥ ማለት 9 ሜትር ያህል፥ ወደ ፊት መግፋት አለበት። በየሙከራው መጀመሪያ ኳሱን የሚቀበለው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ለጓደኞቹ የጨዋታውን ዘዴ የሚነግራቸው፥ ኳሱን ወደ ፊት የሚወረውረው ወይም ለሯጭ የሚያቀብለው እርሱ ነው። በዚህም ምክንያት ድል ሲገኝ ምስጋናው፥ ሽንፈት ሲመጣም ወቀሳው ከድርሻው በላይ በእርሱ ላይ ይከመራል። ደጋፊዎችም ዘመናቸውን በኳርተርባኮች ስም እየቆጠሩ «በእገሌ ጊዜ» ይላሉ።

ለምሳሌ የመረጥነው በዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘውን የግሪን ቤይ ፓከርስን ቡድን ነው። ቡድኑ በ1919 ተመሠረተ። ከተማው ትንሽ ነው፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቡ 107,000 ያህል ነበር። በዚያ ሊግ ያሉ ሌሎች ቡድኖች የባለሀብቶች ንብረት ሲሆኑ ፓከርስ ግን ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ አክሲዮን ነው። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፍልም፤ ተሽጦም አያተርፍም። እንዲህም ሆኖ በ2022 ከተፈጸመው ሽያጭ በኋላ ባለ አክሲዮኖቹ ከ500,000 በላይ ሆነዋል። ስለዚህ በዚህ ከተማ «ቡድናችን» የሚለው ቃል ከአነጋገር ያለፈ ትርጉም አለው።

የዚህ ቡድን የመጀመሪያው ታላቅ ምልክት ባርት ስታር ነበር። በ1956 አዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ ተራው የደረሰው 200ኛ ሆኖ ነው። በአሠልጣኙ በቪንስ ሎምባርዲ ዘመን ግን በ1961፥ በ1962፥ በ1965፥ በ1966 እና በ1967 የውድድር ዘመናት አምስት ጊዜ ሻምፒዮና አገኘ። ዲሴምበር 31 ቀን 1967፥ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በነበረበት ጨዋታ፥ 16 ሴኮንድ ሲቀር ኳሱን ራሱ ይዞ ገብቶ ዳላስን 21 ለ17 አሸነፈ። በኋላም ከ1975 እስከ 1983 ቡድኑን ሲያሠለጥን 52 ጨዋታ አሸንፎ በ76 ተሸነፈ፤ ከሥራውም ተሰናበተ። ሆኖም ስታር እስከ ሞተበት እስከ 2019 ድረስ በከተማው ዘንድ እንደ ተከበረ ኖረ። ከዚህ የምንረዳው ደጋፊ ሒሳቡን በአንድ መዝገብ ብቻ እንደማይጽፍ ነው፤ የተጫዋቹን ውለታ ከአሠልጣኙ ጉድለት ለይቶ ያስቀምጣል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብሬት ፋርቭ በ1992 ቦታውን ከያዘ ወዲህ እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ ለፓከርስ በተከታታይ 253 መደበኛ ጨዋታ ሳያቋርጥ ተሰለፈ። በጃንዋሪ 1997 ሱፐር ቦል የሚባለውን የፍጻሜ ዋንጫ አስገኘ። በ1992 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ ደጋፊ 22 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሌላ መሪ ኳርተርባክ አላወቀም ማለት ነው። ፋርቭ በማርች 2008 እያለቀሰ ጨዋታ መተዉን አስታወቀ፤ በበጋው ግን አሳቡን ለውጦ ልመለስ አለ። ቡድኑ ደግሞ በ2005 ተመርጦ ሦስት ዓመት ሲጠብቅ የቆየውን አሮን ሮጀርስን ለመተካት ወስኖ ነበር።

የቡድኑ ሹማምንት ችግር «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ዓይነት ነበር። ሽማግሌውን ቢያስቀሩ ወጣቱን ሊያጡ፥ ወጣቱን ቢይዙ ሕዝቡን ሊያስቀይሙ ነው። ደጋፊውም ተከፈለ። አንዱ ወገን «ይህን ያህል ላገለገለ ሰው በር አይዘጋም» አለ። ሌላው «ሰው ያልፋል፥ ቡድን ይኖራል» አለ። በመጨረሻ ፋርቭ በኦገስት 2008 ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ተላለፈ። ባለፈው ዓመት 13 ጨዋታ አሸንፎ የነበረው ፓከርስ በሮጀርስ የመጀመሪያ ዓመት 6 ብቻ ሲያሸንፍ ጸጸቱ በረታ።

በ2009 ፋርቭ ወደ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ፥ ማለት ወደ ጎረቤቱ ባላጋራ፥ ገባ። ኖቬምበር 1 ቀን የቫይኪንግስን ማልያ ለብሶ ወደ ላምቦ ፊልድ ሲመጣ ለ16 ዓመት ያጨበጨበለት ሕዝብ ጮኸበት፤ እርሱም 38 ለ26 አሸንፎ ሄደ።

ይህን ከሌላ ምሳሌ ጋር እናስተያየው። ፔይተን ማኒንግን በ2012 ያሰናበተው ቡድኑ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ራሱ ነበር። ማኒንግ በ2013 የዴንቨርን ማልያ ለብሶ ሲመለስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ሁለቱም ባላጋራ ሆነው መጥተዋል፤ ልዩነቱ አንደኛው ተሰናብቶ ወደ ሩቅ መሄዱ፥ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ቅርቡ ጠላት መግባቱ ነው። እንግዲህ ደጋፊ የሚቀየመው በመለየቱ ሳይሆን በመለያየቱ አኳኋን ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ቅያሜው እንዴት በረደ? ሁለት ምክንያት እናያለን። አንደኛ፥ ሮጀርስ በፌብሩዋሪ 2011 ሱፐር ቦልን አሸነፈ፤ ተተኪው ሲሳካለት የቀድሞውን መውደድ የአሁኑን መክዳት መሆኑ ቀረ። ሁለተኛ፥ ፋርቭ ጨዋታ ስላቆመ ባላጋራነቱ አበቃ። በጁላይ 2015 የማልያው ቁጥር 4 ለሌላ እንዳይሰጥ ሲወሰን ከ67,000 በላይ ሰው ስታዲዮሙን ሞላው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቁጥሩ በስታዲዮሙ ሲገለጥ በሽታ ያደከመው ስታር በተገኘበት ስታር፥ ፋርቭና ሮጀርስ በአንድ ሜዳ ታዩ። በ2023 ሮጀርስም በተራው ወደ ጄትስ ሄደ፤ ሦስት ዓመት የጠበቀው ጆርደን ላቭ ተተካ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ መንገዱን ያውቀው ነበር።

ነገር ግን ከጭብጨባው በስተጀርባ ያለውን ዋጋ ሳንመለከት ብናልፍ ጥናታችን ጎደሎ ይሆናል። ፋርቭ ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ቆስሎም ታሞም ስለሚሰለፍ ነው። በዲሴምበር 2003 አባቱ በሞተ ማግስት ተጫውቶ ማሸነፉ እስከ ዛሬ ይወራል። ይሁን እንጂ በ1996 የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሱሰኛ ሆኖ ለሕክምና መግባቱን፥ በ2024ም የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት መናገሩን አብረን ማስታወስ አለብን። በሽታው ከጨዋታው መጣ ብለን አንፈርድም። የምንለው ቡድን ኳርተርባኩን ይተካል፥ ደጋፊም አዲስ ስም ይለምዳል፤ ተጫዋቹ ግን ያንኑ አካሉን ይዞ ይቀራል ነው።

ስለዚህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የደጋፊ ታማኝነት ሦስት ባለ ዕዳዎች አሉት። ለቡድኑ ያለበት ዕዳ ተተኪው እስኪለምድ መታገሥ ነው። ለራሱ ዘመን ያለበት ዕዳ ትዝታውን መጠበቅ ነው። ለቀድሞው ሰው ያለበት ዕዳ ግን ቁጥሩን በግድግዳ ላይ በመስቀል ብቻ አይከፈልም። የቆሰለውን ተጫዋች «ዛሬም ይሰለፍ» ከማለት መቆጠብ የዚያ ዕዳ የመጀመሪያው ክፍያ ነው፤ የሚከፈለውም ተጫዋቹ ገና በሜዳ ሳለ ነው።