ጫማ ያልደረሰላት እግር

ጧት ወደ ሥራ ሲሄዱ እግርዎን ከሊስትሮ ሣጥን ላይ አስቀምጠው ያውቁ ይሆናል። በአዲስ አበባ ጫማ ከሚጠርጉት ልጆች ብዙዎቹ የወላይታ ልጆች ናቸው። የሰው ጫማ ሲያሳምር የሚውለውን ልጅ ስለ እናቱ ቢጠይቁት፣ ምናልባት በባዶ እግሯ እርሻ ላይ እንደምትውል ይነግርዎታል። ዛሬ ልናወጋዎ የፈለግነው ስለዚሁ ባዶ እግር ነው።

ከሶዶ አንሥቶ እስከ ቢጠና ባለው ገጠር ቀይ አፈር ብዙ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘው ይህ አፈር ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚረግጠው ሰው ቆዳ ውስጥ ዘልቀው የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳሉ። እግሩ ያብጣል፣ ይሻክራል፤ በየጊዜውም በትኩሳት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ሲሉት ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ትንኝ ከሚያስተላልፈው ዝሆኔ ጋር ይምታታል እንጂ ይህኛው ተሐዋስ የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በጉርምስና ነው። እስቲ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ። በክፍል ውስጥ እግሯን ከወንበር ሥር ትደብቃለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ቦታ ትለውጣለች። ጥቂት ቆይታ ትምህርቱን ትተዋለች። እኅቷ፣ እግሯ ጤነኛ የሆነው፣ ለጋብቻ ስትጠየቅ ሽማግሌዎቹ «በቤተሰቡ ዝሆኔ አለ ወይ?» ይላሉ። በወላይታ የተደረጉ ጥናቶች ሕሙማን ከትምህርት ቤት፣ ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንደሚገለሉ መዝግበዋል።

የሽማግሌዎቹን ጥያቄ ፍጹም ከንቱ ነው ብለን አናልፈውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ የዘር ጥናት አንዳንድ ቤተሰቦች ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ነገር ግን የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የተጫማና እግሩን የሚታጠብ ልጅ፣ ከዚያው ቤተሰብ ቢወለድም፣ ከበሽታው ሊድን ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መጠየቅ የነበረባቸው «ልጅቷ ጫማ ነበራት ወይ?» ብለው ነው።

ስለ ኪሳራውም ጥቂት እንበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣ ጥናት ከወላይታ ነዋሪ መቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆነው በዚህ በሽታ የተያዘ መሆኑን ገምቷል። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ የዞኑም ዓመታዊ ኪሳራ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አስልቷል። አልጋ ላይ በወደቀባቸው ቀናት ማን ይቀጥረዋል? ማንስ ያበድረዋል?

ሕክምናው ግን ውድ አይደለም፦ በየቀኑ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2018 የታተመ ሙከራ ይኸው እንክብካቤ የትኩሳቱን መመላለስ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሶዶ ደግሞ ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር ሕሙማንን እግራቸውን መንከባከብ ሲያስተምርና ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማ ሲያሠራ ቆይቷል። ሱቅ የሚሸጠው ጫማ እነርሱን አይገባቸውምና።

እርስዎም ከገጠር መጥታ በቤትዎ የምትሠራ ልጅ እግሯ አብጦ ቢያዩ አያሰናብቷት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ጫማ ሲገዙላትም አብራ ሄዳ እግሯ ላይ ትለካው፤ የጠበበ ጫማ ያቆስላታል።