በዘንገና ባሕር ዳርቻ ድንኳን ተክሎ ማደር

በባሕር ማዶ ባሉት አገሮች ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። ከአሸዋው አጠገብ ለዚሁ ተብሎ በተከለለ ስፍራ ድንኳናቸውን ተክለው፥ ቀን ሲዋኙ ውለው፥ ማታ የማዕበሉን ድምፅ እየሰሙ ያድራሉ። እንዲህ ያለውን ዕረፍት በሥዕል ያዩ ልጆቻችን «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የእኔም ታናሺቱ ልጅ በ2011 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ይህንኑ ጠየቀችኝ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት መሆኗን፥ ምጽዋና አሰብም በኤርትራ ግዛት መሆናቸውን ለሰባት ዓመት ሕፃን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ነገር ግን በቋንቋችን ባሕር የሚለው ቃል ጨው ላለውም ለሌለውም ሰፊ ውሃ የሚነገር ነው፤ በጣና ዳር ያለችውም ከተማ ባሕር ዳር መባሏ ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ «እንግዲያውስ ባሕር ዳር እናድራለን» አልኋት። የመረጥሁላትም ስፍራ በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ አቅራቢያ ያለው የዘንገና ሐይቅ ነበር።

ባለቤቴ አሳቤን በሰማች ጊዜ መጀመሪያ የተናገረችው «ቤት እያለን ሜዳ ላይ አደሩ ሲባል ሰው ምን ይለናል?» የሚል ነበር። ብዙ ወይዛዝርትም እንዲሁ ሳያስቡ አይቀሩም። ዳሩ ግን በድንኳን ማደር ከውጭ አገር የመጣ ልማድ አለመሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ከተማ የሚለው ቃል የወጣው ከተተና ሰፈረ የሚል ትርጓሜ ካለው ከተመ ከሚለው ግሥ ነው። ነገሥታቱ ከአውራጃ ወደ አውራጃ በሚዘዋወሩበት ዘመን መናገሻቸው ድንኳን ነበር። ፊታውራሪው ከፊት፥ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፥ ግራ አዝማቹ በግራ፥ ደጃዝማቹም በደጅ እያሉ ማዕርጎቹ ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከጉዞውና ከሰፈሩ ሥርዓት ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በአገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ሰፈሩ ምንም ያህል ጊዜ ቢነቀል እያንዳንዱ ሰው ድንኳኑን የሚተክልበትን ቦታ ያውቅ እንደ ነበር ጽፏል። በዚሁ በአዊ ምድር በዳንግላ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማንም የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ የመረመረው በቅሎ አስጭኖ በድንኳን እያደረ ነው። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ከነገርኋት በኋላ «እነዚያ ነገሥታት የሚተክልላቸው ሰው ነበራቸው፤ አንተ ግን አንድ ካስማ መትተህ አታውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ጉዞውን በጥር ወር ያደረግሁት ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፥ መንገዱም ደረቅ ነው። ሁለተኛ፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል ምክንያት አድርጎ፥ በዐድዋ ዘመቻ ከአርበኞች ጋር የተጓዙትን ፈረሶች ውለታ ስለሚያስብ፥ ልጆቹ ይህን እንዲያዩ ፈለግሁ። እንጅባራ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ ለመድረስ ዓባይን ተሻግሮ፥ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ መጓዝ ነው። ሐይቁ የሚገኘው በባንጃ ወረዳ፥ ከዋናው መንገድ አጠገብ ሲሆን፥ ዛፎቹ ስለሚጋርዱት ግን አያሌ መንገደኛ ሳያየው አልፎ ይሄዳል።

ዘንገና በጥንት ዘመን በምድር ውስጥ ያለ እሳት ፈንድቶ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ከላይ ቁመው ሲመለከቱት ክብነቱ በእጅ የተሠራ ዋንጫ ይመስላል። ውሃው ጸጥ ያለና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያውን ያገር ዛፍ ከብቦታል፥ ጦጣዎችም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቍጥር ልብ ይበሉ። በአሸዋማ ባሕር ዳርቻ ሕፃን ልጅ ወደ ውሃው ቢገባ መጀመሪያ ቍርጭምጭሚቱን፥ ቀጥሎ ጕልበቱን እያለ ቀስ በቀስ ይጠልቃል፤ ለእናቱም ለመጥራት ጊዜ አላት። በዘንገና ግን አሸዋ የለም፤ ቁልቁለቱ ከላይ እንደ ጀመረ በውሃው ውስጥም ይቀጥላል። ከዳር ሁለት እርምጃ የራቀ እግር መቆሚያ አያገኝም። እኛ ደገኞች ደግሞ ልጆቻችንን ዋና የማስተማር ልማድ የለንም።

ስለዚህ ድንኳኑን ከውሃው ዳር መትከሉን ተውን። በላይኛው ከንፈር ላይ፥ ነፋስ በቀጥታ በማይመታው ለጥ ያለ ስፍራ መረጥን። ይህ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ ይኸውም ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ከብዶ እንደ ውሃ ወደ ጕድጓድ ስለሚወርድ፥ ከሥር ያደረ ሰው ከላይ ካደረው ይልቅ ብርድ ይጠናበታል። ከድንኳኑ በታች ባለው ቁልቁለት ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ወጥሬ፥ ያለ ትልቅ ሰው ከገመዱ ማለፍ ክልክል መሆኑን ለልጆቹ አስታወቅሁ። ታናሺቱ ተቈጣች፤ ባሕር ብዬ አምጥቼ ውሃ እንዳትነካ መከልከሌ እንደ ማታለል ሆኖ ታያት። በኋላ እጇን ይዤ ወርጄ እግሯን አስነከርኋት፤ ቅዝቃዜው ከቍጣዋ አበረዳት።

ድንኳን መትከልን በተመለከተ አንባቢዎችን አላደክምም። ምሰሶው ቀጥ ይበል፥ አውታሩ ይወጠር፥ ካስማው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ድንኳኑ አዘንብሎ እንዳይመታ ይጠንቀቁ፤ የእኔ የመጀመሪያው በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ወድቋል። ከምሰሶዎቹ አንዱ በተሰበረብኝ ጊዜ ከእንጅባራ ቀርከሃ ገዝተን ተካነው። በዚያ አገር ቀርከሃ ሞልቷል፤ ወንበሩም፥ ቅርጫቱም፥ አጥሩም ከእርሱ ይሠራል። ከጫካው ቅርንጫፍ መቍረጥ ግን ነውር መሆኑን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ይገባል። ለምግብ የአዊ ድንች የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ፥ ማለት በ2,500 ሜትር ገደማ፥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ስለ ሆነ፥ ድንቹ ቈላ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ እሳት ላይ መቈየት አለበት። ባለቤቴ ይህን ሳላስረዳት በፊት በቀቀለችበት ጊዜ ልቡ ያልበሰለ ድንች በማር በላን፤ ማሩ ነገሩን አሻሻለው።

አሁን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወዳነሣሣኝ ነገር እመጣለሁ።

ፀሐይ እንደ ገባች ብርዱ ወረደ። የጥር ሌሊት በእንጅባራ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ ነው። ልጆቹ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ከእኛ ጋር በምድጃ የተሞላ ከሰል ነበረ። የአዊ አገር፥ ይልቁንም የፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ደከረንስ ከሚባለው የግራር ዘር ብዙ ከሰል የሚወጣበት ስለ ሆነ በመንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። እኔም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ጢሱ እስኪያልቅና ከሰሉ እስኪፍም ድረስ ውጭ ካቈየነው ጕዳት የለውም ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ፍሙ ቀይ ሆኖ ጢስ ባቆመ ጊዜ ምድጃውን ወደ ድንኳኑ አስገባሁ፥ ብርድ እንዳይገባም መዝጊያውን ከላይ እስከ ታች ቈለፍሁ። ሙቀቱ ደስ የሚል ነበር። ሁላችንም ወዲያው እንቅልፍ ወሰደን።

በሌሊት፥ ስንት ሰዓት እንደ ነበረ ባላውቅም፥ ታላቂቱ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ስትል ሰማሁ። ብርድ የመታት መስሎኝ «ተኝ፥ ይተውሻል» አልኋት። ባለቤቴ ግን ተነሣች፤ ስትነሣም ጕልበቷ ከዳትና ተንበረከከች። ያን ጊዜ የእኔም ራስ ሊፈነዳ እንደ ደረሰ አወቅሁ። ታናሺቱን ብትቀሰቅሳት ዓይኗን ከፍታ መልሳ ከደነች እንጂ አልመለሰችም። መዝጊያውን ለመክፈት ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

ከውጭ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ፤ ጓዛችንን ለመጠበቅ የተስማሙና፥ ምንም ብንለምናቸው ድንኳን ውስጥ መግባትን እንቢ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዛፍ ሥር የተቀመጡ። ድምፃችንን ሰምተው መጡና መዝጊያውን ከውጭ ፈቱት። ታናሺቱን እርሳቸው፥ ታላቂቱን ባለቤቴ ተሸክመው አወጡ። እኔ በአራት እግሬ ወጣሁ። ሽማግሌው ምድጃውን በእንጨት ጐትተው አውጥተው ደፉትና «ጌታዬ፥ ፍም ከተዘጋ ቤት ከሰው ጋር አያድርም፤ ይህን የሚነግርዎ ሰው የለም?» አሉኝ። «አባባ፥ ጢሱ አልቆ ነበር» አልኋቸው። «ጢሱማ ያስነጥሳል፥ ያስነቃል፤ የሚገድለው የማይታየው ነው» ብለው መለሱልኝ።

ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን ለነፋስ አስቀመጥናቸው። ታናሺቱ ካስታወከች በኋላ ስሟን ስንጠራት መመለስ ጀመረች። ሌሊቱ እስኪነጋ ማንም ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም። በማግሥቱ ልጆቹን ያየልን ሐኪም ያስረዳን ነገር የሽማግሌውን ቃል ያጸና ነበር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል፤ መልክም ሽታም የለውም፥ ፍሙ ምንም ቀይና ጢስ የሌለው ቢሆን መውጣቱን አያቆምም። ይህ አየር በሳንባ አልፎ ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን ሊይዘው የሚገባውን ስፍራ ቀድሞ ይይዛል፤ ሰውነትም ሳይታወቀው ይታፈናል። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጐዳሉ። የድንኳን ሸራ በጤዛ ሲርስ ደግሞ ቀዳዳው ስለሚደፈን አየር አያሳልፍም። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የጕልበት መክዳት ዋና ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፤ ቢሻለውም እንኳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህ ሁሉ በድንኳን ብቻ ሳይሆን በክረምት ወራት በር ተዘግቶ ከሰል በሚሞቅበት ቤት ሁሉ እንደሚያጋጥም ሐኪሙ ነገረን፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ምድጃ ባለበት ክፍል ያደርሁባቸውን ሌሊቶች ቈጠርሁ።

በሁለተኛው ሌሊት ባለቤቴ አዛዥ ሆነች። ከገበሬ ደረቅ ጭድ አስገዝታ ከምንጣፉ ሥር ሁለት ጣት ያህል ውፍረት አስነጠፈች፤ ብርድ ከላይ ይልቅ ከመሬት ይወጣልና። ውጭ በፈላ ውሃ ጠርሙሶች አስሞልታ፥ ውትፋቸውን አጥብቃ፥ በጨርቅ ጠቅልላ ለእያንዳንዱ ልጅ በእግሩ በኩል አስቀመጠችለት። ራስ የሚሸፍን ቆብ አልብሳ፥ ሁለቱን ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኛች። የድንኳኑ መዝጊያ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ሆኖ አደረ። ያለ እሳት በደኅና አደርን። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ እየመጡ ውስጡን እንዳሸተቱ ሰምቻለሁ።

ማለዳ ከሐይቁ ላይ ጉም ተነሣ፤ ዙሪያው ዛፍ ብቻ ሆኖ ውሃው ጠፋ። ፀሐይ ስትሞቅ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተ። ከዋናው መንገድ በኩል የፈረስ ኮቴ ይሰማ ነበር፤ ወደ እንጅባራ ወደ በዓሉ የሚሄዱ ፈረሰኞች ነበሩ። ፈረሶቹ በጌጥ ተሸልመው፥ ጐበዛዝቱ በአውኚ እየዘፈኑ ሲያልፉ ልጆቹ ሮጠው ወጡ። ታናሺቱ አንድ ጋላቢ ከኮርቻው ዘንበል ብሎ ሰላምታ ስለ ሰጣት እስከ ዛሬ ትናገረዋለች። ስለ ዚያች ሌሊት ግን ምንም አታስታውስም፤ የምታውቀው እኛ ስንነግራት የሰማችውን ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስለ ተነሣ ወደዚያ አልተመለስንም። ለመሄድ የሚያስብ ሰውም አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከዞኑ ሹማምንትና ከአካባቢው ነዋሪዎች ሳያረጋግጥ ቤተ ሰቡን ይዞ እንዳይነሣ እመክራለሁ። በሌላ ሐይቅ ዳር የሚያድርም ሰው ቢሆን ስለ ውሃው ጥልቀትና ስለ ከሰሉ የተናገርሁት ይሠራለታል።

ድንኳኑን በየዓመቱ ክረምት ሲያልፍ ብል እንዳይበላው በግቢያችን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ካስማዎቹን የምትቈጥረው ታናሺቱ ናት። ባለፈው መስከረም አንድ ጐድሎ ተገኘ፤ እስካሁንም እየፈለግነው ነው።