ልጁ ደህና በሆነበት ቀን የሚሰጥ መድኃኒት

አስም ላለበት ልጅ ሐኪም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፓፍ ያዛል። አንዱ ሳልቡታሞል ነው፤ ልጁ ሲታፈን ይሰጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደረቱ ሲር ሲር ማለቱን ይተዋል፣ የወላጁም ልብ አብሮ ይረጋጋል። ሌላው ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ሲሆን ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ ወይም ፍሉቲካዞን የሚል ስም ይኖረዋል። ይህኛው ልጁ ሲሮጥና ሲጫወት በዋለበት ዕለት ጭምር በየቀኑ ይወሰዳል፤ ተወስዶም ለዓይን የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ያምናል፣ ሁለተኛውን ይጠራጠራል፤ ገንዘብ ሲያጥር ወይም ልጁ ሻል ሲለው የሚቋረጠውም ሁለተኛው ነው። ይህ አመዛዘን የተገላቢጦሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የብግነት ማብረጃው መመዘን ያለበት ባስቀረው ክፉ ቀን ነው፤ በዚህ ሚዛን ሲታይ ማስረጃው ጠንካራ፣ ጉዳቱም የታወቀና የተለካ ነው።

አስም ሲነሣ የምናየው የአየር ቧንቧን መጥበብ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከዚያ በፊት ሲዘጋጅ ቆይቷል። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ኢዮሲኖፊልን የመሳሰሉ የመከላከያ ሴሎች ይከማቻሉ፤ የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ሽፋኑን ያሳብጣሉ፣ አክታ ያበዛሉ፣ በዙሪያው ያለውንም ጡንቻ ቶሎ የሚቆጣ ያደርጉታል። ሌላው ልጅ በቀላሉ የሚያልፈው ጉንፋን፣ የከሰል ጭስ፣ አቧራ ወይም ብርድ ይህን ልጅ የሚያፍነው ለዚህ ነው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያፍታታል፤ ብግነቱን ግን እዚያው ይተወዋል። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት ብግነት ማብረጃዎች ደግሞ ወደ ሴሎቹ ገብተው እነዚያ ኬሚካሎች እንዲመረቱ የሚያዝዙትን ዘረመሎች ያዳክማሉ። ሥራቸው ከሥር ስለሆነ ውጤቱ በቀናት ጀምሮ በሳምንታት ይጎለብታል። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ለሕመምና ለትኩሳት የሚሰጡ መድኃኒቶችም ብግነት ያበርዳሉ ይባላል፤ እነዚህ ግን አስምን አያክሙም፣ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ እንዲያውም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

ስቴሮይድ የሚለው ስም የሚያስፈራው ያለምክንያት አይደለም። ፊሊፕ ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎሽ ራይክሽታይን በአድሬናል እጢ ሆርሞኖች ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚህ ግኝት የተወለዱት መድኃኒቶች በኪኒንና በመርፌ ለአስምም ተሰጡ። ብዙ ትንፋሽ አድነዋል፤ ለረጅም ጊዜ በወሰዷቸው ልጆች ላይ ግን ፊት ያሳብጡ፣ አጥንት ያሳሱ፣ ዕድገት ይገቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪታንያ አገልግሎት ላይ የዋለው በአፍ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ለዚህ መላ አመጣ፤ ጥቂት መድኃኒት በቀጥታ በሽታው ወዳለበት ማድረስ። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አስሙ ክፉኛ ሲነሣበት ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ኪኒን በኪሎ 1 ሚሊግራም ሒሳብ ቢሰጠው በቀን 20,000 ማይክሮግራም ይወስዳል። በዝቅተኛ መጠን የሚሳብ ቡዴሶናይድ በቀን 200 ማይክሮግራም ያህል ነው። የሁለቱ ኃይል በመጠን አንድ ባይሆንም፣ ስለ ኪኒኑ የተሰማውን ስጋት ሁሉ ወደ ፓፉ ማዛወር ፍትሐዊ አለመሆኑን ይህ ልዩነት ያሳያል።

ጥቅሙን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ካምፕ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆነ፣ ቀላል ወይም መካከለኛ አስም ያለባቸው 1,041 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቡዴሶናይድ፣ ኔዶክሮሚል የተባለ ሌላ መድኃኒት ወይም መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ 100 ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ሆስፒታል የሚተኙበት ብዛት በማነጻጸሪያው ቡድን 4.4 ሲሆን ቡዴሶናይድ በወሰዱት 2.5 ነበር። በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የሚሮጡበት ደግሞ ከ22 ወደ 12 ወረደ። ከዚህ በላይ ቡዴሶናይድ የወሰዱት ልጆች የፕሬድኒሶሎን ዓይነት ኪኒን ያስፈለጋቸው ባነሰ ጊዜ ነው። በትንሹ ስቴሮይድ የተጠቀመ ልጅ ከትልቁ ስቴሮይድ ተረፈ ማለት ነው።

ጥናቱ ያላገኘውንም መናገር ይገባል። ሕክምናው ሲያበቃ የልጆቹ የሳንባ ዕድገት ይለያያል ተብሎ ቢጠበቅም በቡድኖቹ መካከል አልተለያየም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት አስም ሊይዛቸው የሚችሉ 285 የሁለትና የሦስት ዓመት ሕፃናትን ለሁለት ዓመት በፍሉቲካዞን አክሞ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲሰጥ ሕመሙ ቀነሰ፣ በቆመ በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እንግዲህ የማያድን መድኃኒት ምን ይረባል የሚል ይኖራል። ይህ ግን የልጅነት ዘመን ራሱ የሚረባ መሆኑን መዘንጋት ነው። ሳይታፈን ያደረ ሌሊት፣ ያልቀረ የትምህርት ቀን፣ ያልተሮጠበት የድንገተኛ ክፍል፣ በሽታው ወደፊት ኖረም አልኖረም፣ ጥቅማቸው ዛሬ የተቆጠረ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የቁመት ጉዳይ ነው፤ እውነትነትም አለው። በካምፕ ጥናት ቡዴሶናይድ የወሰዱት ልጆች በመጨረሻው ከማነጻጸሪያው ቡድን 1.1 ሴንቲሜትር ያነሰ አድገው ነበር። ተከታትለው ለአካለ መጠን ሲደርሱ የለኳቸው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እንደዘገቡት ልዩነቱ 1.2 ሴንቲሜትር ነው። የጎደለው ቁመት አልተመለሰም፤ ሆኖም ልዩነቱ በአብዛኛው የተፈጠረው በመጀመሪያዎቹ የሕክምና ዓመታት ስለሆነ ከዓመት ዓመት እየተደመረ አልሄደም። በሌላው የሚዛን ወገን ያለው ደግሞ ያልተያዘ አስምና የሚደጋገም ኪኒን ናቸው፤ ሁለቱም ዕድገትን ይጎዳሉ። መጠኑ እጅግ ሲበዛ የአድሬናል እጢን ሥራ ሊያዳክም እንደሚችልም ይታወቃል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አስሙን የሚቆጣጠረውን ዝቅተኛ መጠን መፈለግና የልጁን ቁመት በየጊዜው መለካት ነው።

ፓፍ ሱስ ይሆናል የሚለው ስጋት በብዙ ቤት ይሰማል። ሲቋረጥ ሕመሙ የሚመለሰው ሰውነት መድኃኒቱን ለምዶ ሳይሆን ታፍኖ የነበረው ብግነት ስለሚያገረሽ ነው። በካናዳዋ ሳስካቸዋን ከ5 እስከ 44 ዓመት ባሉ ሕሙማን መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት፣ በዓመት ውስጥ በተወሰደ በእያንዳንዱ ተጨማሪ የኮርቲኮስቴሮይድ ፓፍ ጣሳ በአስም የመሞት መጠን በ21 በመቶ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ባቋረጡት ዘንድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሞት መጠን ከቀጠሉት ከፍ ያለ ነበር። ይህ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ስላልሆነ፣ መድኃኒቱን የሚቀጥሉት ራሳቸውን በሌላም የሚጠብቁ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ከካምፕ ሙከራ ጋር ሲነበብ ግን ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

መድኃኒቱ የሚጠቅመው ሳንባ ሲደርስ ነው፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ፓፍ መጫንና መሳብን ማቀናጀት ያቅተዋል። በፓፉና በአፍ መካከል የሚገጠመው ስፔሰር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውድ ከሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በድንገተኛ የአስም ሕክምና ከግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በወጉ የተሠራ ስፔሰር ከተገዛው እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ባዶ ሃይላንድ በእያንዳንዱ ቤት አለ፣ አሠራሩን ግን የጤና ባለሙያ ማሳየት አለበት። ከተወሰደ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ በአፍ ውስጥ የሚወጣውን ፈንገስ ይከላከላል። ሐኪምም ሲያዝ፣ ዛሬ ምንም አይሰማውም ብሎ በግልጽ መናገር፣ በሦስት ወር ውስጥ ልጁ በሳል የነቃባቸውን ሌሊቶች፣ ከትምህርት የቀረባቸውን ቀናትና ሳልቡታሞል የፈለገባቸውን ጊዜያት እንዲቆጥር ለወላጁ መንገር ይገባዋል። ቁጥሩ ካልወረደ መጀመሪያ አወሳሰዱ ይታረም፣ ቀጥሎ መጠኑ ይታይ፤ ከወረደ ደግሞ ያ ቁጥር ራሱ ወላጁ መድኃኒቱን የሚያምንበት በቂ ምክንያት ይሆናል።